ባትሪያችን በእጃችን፦ በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ የኃይል አጠቃቀምን ስለ መምረጥ

ከዚህ በታች የቀረበው በካኩማ የስደተኞች መጠለያ የኮምፒዩተር ትምህርት ለሚከታተሉ ኢትዮጵያውያንና ለቤተሰቦቻቸው፣ በትምህርቱ በረዳትነት የሚያገለግል አንድ ወገናችን ያደረገው ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አንባቢዎች ይጠቅማል ብለን ስላመንን ከተሰብሳቢዎች ጥያቄዎች ጋር አትመነዋል።



 ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት በጣም ትንሽ ነገር ነው። በላፕቶፕ ስክሪን ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ከባትሪው ምልክት ጎን ስለምትቀመጥ አንዲት ምልክት ነው። «ለዚች ብሎ ሰው ይሰበሰባል ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁና ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

የአንድ ምሽት ነገር

ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን በሌላ አገር ከሚገኝ ልጃቸው ጋር ለመገናኘት የሚያቀርቡትን ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ወደ ቤቴ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። ጊዜው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ የምንገዛበት ጀነሬተር በዚያን ቀን ቀደም ብሎ ጠፍቶ ነበር። እኔ ግን ባትሪው ሞልቷል ብዬ ተማምኜ መጻፍ ጀመርኩ።

እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከቤት የወጡበትን ወር፣ ድንበር የተሻገሩበትን ቦታ፣ ከልጃቸው የተለያዩበትን ቀን አንድ በአንድ ነገሩኝ። እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ምን እንደሚመስል እዚህ ላላችሁት ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዳንዱን በእንባ፣ አንዳንዱን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው እየቆዩ ነው የነገሩኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሰን ስለ ልጃቸው መለያ ምልክቶች ስንጽፍ ስክሪኑ በድንገት ጨለመ። ጥቂት ቀደም ብዬ ሳየው ባትሪው ከ20 በመቶ በላይ ነበረው።

በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ላፕቶፑን ከፈትኩት። የመጻፊያው ፕሮግራም በየጥቂት ደቂቃው በራሱ ስለሚያስቀምጥ አብዛኛው ጽሑፍ ተገኘ። የመጨረሻው ገጽ ግን አልነበረም። እናታችንን ጠርቼ ያንኑ ገጽ እንደገና ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። አፍሬ መሬት መሬት ሳይ እሳቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ፦ «ልጄ፣ የጠፋው መብራቱ ነው እንጂ እኔ አልጠፋሁ፤ ጻፍ።» እኔ ግን ያን ቀን ያሳለፉትን ሁለተኛ ጊዜ በምላሳቸው እንዲያልፉበት ያደረግኳቸው እኔው ነኝ ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ስፈልግ ቆይቼ አገኘሁት። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የአንድ ወዳጄን የሠርግ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ላፕቶፑን በዚያች ትንሽ ምልክት አማካይነት ወደ ከፍተኛው ኃይል አድርጌው ነበር። ሥራው ሲያልቅ አልመለስኩትም። ማሽኑን ዘግቼ ብከፍተውም ምርጫዬ እንዳለ ቆየ። ደብዳቤ ለመጻፍ የማያስፈልገውን ኃይል እየበላ፣ ያረጀውን ባትሪዬን ጨረሰው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ጥፋቱን ከሠራ ሰው የሚቀርብ ምክር ነው ብላችሁ ስሙልኝ።

ኃይሉ ወዴት ይሄዳል?

ፋኖስ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ፋኖስ ጎኑ ላይ ክሩን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ መዘውር አለችው። ክሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ይደምቃል፣ ላምባው ግን ቶሎ ያልቃል። ዝቅ ሲል ብርሃኑ ይደክማል፣ ላምባው ግን ያነጋል። አስተዋይ የቤት እመቤት እንግዳ ሲመጣ ከፍ፣ ሰው ሲተኛ ዝቅ ታደርገዋለች። የምነግራችሁ ምልክት የላፕቶፕ መዘውር ናት።

በላፕቶፕ ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል። ፕሮሰሰር ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት አይሠራም። ሥራ ሲበዛበት ይፈጥናል፣ ሥራ ሲያጣ ይቀዘቅዛል። ለመፍጠን ግን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ይጨምራል። ለምሳሌ ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆንና ለዚህ ሲባል ቮልቴጁ በ20 በመቶ ከፍ ቢል፣ 1.5 በ1.2፣ እንደገና በ1.2 ሲባዛ 2.16 ይሆናል። ሥራው በአንድ ተኩል እጥፍ ሲፈጥን ወጪው ከሁለት እጥፍ ያልፋል ማለት ነው። ትርፉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ማራገቢያው የሚጮኸው ይህንን ሙቀት ለማስወጣት ነው።

አሁን ሒሳቡን ወደ ባትሪያችን እናምጣው። የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። አንድ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። ላፕቶፑ 10 ዋት እየበላ ከሠራ 5 ሰዓት ይቆያል። 25 ዋት ከበላ ግን 2 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ለአዲስ ባትሪ ነው። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሌላ ሰው የተገለገለበት ላፕቶፕ ስለሆነ 50 የነበረው 25 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ 25 ዋት ቢበላ የቀረን አንድ ሰዓት ነው።

ያረጀ ባትሪ ሌላም ጠባይ አለው። ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቅና፣ ገና 20 በመቶ እያሳየ ማሽኑ ሊጠፋ ይችላል። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ለያረጀ ባትሪ ቁጠባ ሰዓት ማራዘም ብቻ አይደለም፤ በድንገት ከመጥፋትም ይጠብቃል።

ሦስቱ ደረጃዎች

ሊኑክስ በተጫነባቸው በአሁኑ ጊዜ በሚገኙ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የባትሪውን ምልክት ስትጫኑ ሦስት ምርጫዎች ታያላችሁ።

የመጀመሪያው «ፓወር ሴቨር» ይባላል፤ የቁጠባ ደረጃ ነው። ፕሮሰሰሩ ለመፍጠን እንዳይቸኩል ያዘዋል። ማሽኑ አልሞተም፣ ረጋ ብሏል እንጂ። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ መጽሐፍ ለማንበብ፣ ደብዳቤ ለመላክ፣ ድምፅ ለማዳመጥ ይበቃል።

ሁለተኛው «ባላንስድ» ይባላል፤ መካከለኛው ነው። ሥራ ሲመጣ ይፈጥናል፣ ሥራ ሲያልቅ ይረጋል። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ላይ ሲሆን ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚመረጠው ይህ ነው።

ሦስተኛው «ፐርፎርማንስ» ይባላል፤ ከፍተኛው ኃይል ነው። ቪዲዮ ለማዘጋጀት፣ ትልቅ ፕሮግራም ለመገንባት፣ ብዙ ፎቶግራፎችን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል ይረዳል። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ይህ ሦስተኛው ምርጫ አይገኝም፤ ሁለቱ ብቻ ይታያሉ። ይህ የሚሆነው የማሽኑ አሠራር ስለማይደግፈው ነውና «ላፕቶፔ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትደንግጡ።

ምልክቷ እንዴት ትሠራለች?

ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ማንም ሰው በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው ሥርዓት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ፕሮሰሰሩ እንደ ሥራው ብዛት ፍጥነቱን በራሱ እንዲለዋውጥ የሚያደርግ «ኦንዲማንድ» የተባለ ክፍል ተጨመረበት። ነገር ግን ተጠቃሚው ራሱ ልለውጥ ቢል ብዙውን ጊዜ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አስገብቶ፣ በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት። አንድ ፊደል ከተሳሳተ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ነገሩን ሳይነካው ይተወው ነበር።

በተጨማሪም እያንዳንዱ የላፕቶፕ ፋብሪካ የሙቀትና የማራገቢያ ቁጥጥሩን በራሱ መንገድ ይሠራ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የሊኑክስ ከርነል 5.12 ላይ ለእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ በር ተከፈተላቸው። በዚሁ ጊዜ አካባቢ ባስቲያን ኖሴራ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ የጀመረው «ፓወር ፕሮፋይልስ ዲመን» የተባለ አገልግሎት ተስፋፋ። ግኖምና ኬዲኢ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የሊኑክስ ገጽታዎችም በዚያው ዓመት ሦስቱን ምርጫዎች ከባትሪው ምልክት ጋር አያያዟቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። ከሰዓቱ አጠገብ የምትታየው ምልክት ሥራውን የምትሠራው ራሷ አይደለችም። እሷ መልእክተኛ ናት። ስትጫኗት «ባለቤቱ ቁጠባ ይፈልጋል» ብላ ከጀርባ ላለው አገልግሎት ትናገራለች። አገልግሎቱ ለከርነሉ፣ ከርነሉም ለፕሮሰሰሩና ለማራገቢያው ያስተላልፋል። የይለፍ ቃል የማትጠይቃችሁም ለዚህ ነው። ማሽኑን የማዘዝ ሥልጣን ያለው አገልግሎቱ ነው፤ ለእናንተ የተፈቀደላችሁ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነው።

ይህ አሠራር ጥቅም አለው። መልእክተኛውና ሠራተኛው ስለተለያዩ አንዱ ቢለወጥ ሌላው አይቆምም። ለምሳሌ ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው 41ኛ እትሙ ከጀርባ ያለውን አገልግሎት በሌላ ተካው፤ ምልክቷ ግን እንደ ድሮው መሥራቷን ቀጠለች። ቀላል ገጽታ ያላቸውን አሮጌ ላፕቶፖች ለምንጠቀም ደግሞ፣ በጎ ፈቃደኞች የሠሯቸው ጥቃቅን ፕሮግራሞች አሉ። ሥራቸው ይህችን ምልክት በስክሪኑ ጥግ ማስቀመጥና መልእክቱን ማድረስ ብቻ ነው። ጥቂት ቦታ ይይዛሉ፤ ዋጋም አይከፈልባቸውም።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

እኔ ከዚያ ምሽት በኋላ ለራሴ ያወጣሁትን ደንብ ልንገራችሁ። ጀነሬተሩ ሲጠፋ፣ ሌላ ነገር ከማድረጌ በፊት ምልክቷን ተጭኜ ወደ ቁጠባ አደርጋታለሁ። ጀነሬተሩ ሲመጣ ወደ መካከለኛው እመልሳለሁ። ከፍተኛውን የምጠቀመው በኤሌክትሪክ ላይ ሆኜ፣ ከባድ ሥራ ሲኖረኝ ብቻ ነው። ያ ሥራ ሲያልቅም እጄን ከማንሳቴ በፊት እመልሰዋለሁ። ለሚረሱ ሰዎች አንድ ፕሮግራም እየሠራ እስካለ ድረስ ብቻ ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጥ፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ በራሱ የሚመልስ ትእዛዝ አለ። ትእዛዙን በሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል።

በርቀት ትምህርት የምትማሩ ወጣቶች በተለይ ልብ በሉ። የፈተናው ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሆነ «ባትሪው ስንት በመቶ ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «በሰዓት ስንት ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንቴል በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፓወርቶፕ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም በባትሪ ላይ ስትሆኑ ማሽኑ በዚያች ሰዓት ስንት ዋት እየበላ እንደሆነ ያሳያችኋል። በባትሪው ውስጥ የቀረውን ዋት ሰዓት ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። የቀራችሁ ሰዓት ያ ነው። 18 ዋት ሰዓት ቀርቶ 12 ዋት የሚበላ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ አላችሁ፤ ሁለት ሰዓት የሚወስድ ፈተና አይጀመርም። ወደ ቁጠባ አድርጋችሁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጋችሁ 8 ዋት ላይ ካደረሳችሁት ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆንላችኋል።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ምልክቷ ሁሉን አትችልም። ቀላል ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ነው። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ፣ የማያስፈልጉ መስኮቶችን መዝጋት፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካውን ሁሉ መንቀል ከእሷ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፣ ዝግታ ሁልጊዜ ቁጠባ ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ከባድ ሥራ በመካከለኛው ደረጃ ቶሎ አልቆ ማሽኑ ቢያርፍ፣ በቁጠባ ላይ ሆኖ ስክሪኑ በርቶ ለረጅም ሰዓት ከሚጎተት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየራሳችሁ ማሽን ላይ ለክታችሁ እዩት።

ሦስተኛ፣ ሙቀትን አትርሱ። በእኛ አካባቢ ቀን ቀን አየሩ ራሱ ትኩስ ነው፤ አቧራው ደግሞ የማራገቢያውን መተንፈሻ ይደፍናል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከፍተኛውን ኃይል ብትመርጡም ማሽኑ ራሱን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኃይሉን በልቶ ፍጥነቱን ሳይሰጣችሁ ይቀራል ማለት ነው። አገልግሎቱም ይህ ሲደርስ የሚያስታውቅበት መንገድ አለው፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ እንዲያውም ላፕቶፑ ጭን ላይ መሆኑን አውቆ ይናገራል። ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፤ ጣውላም ቢሆን ከሥሩ አድርጉለት።

አራተኛ፣ ኃይልን የሚቆጣጠሩ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶችን አንድ ማሽን ላይ አትጫኑ። ሁለት ሹፌር አንድ መሪ ሲይዝ መኪናው ገደል ይገባል። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አንሱት።

ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሁልጊዜ ቁጠባ ላይ ብተወው ማሽኑ ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም አባቴ። እንዲያውም ሙቀቱ ስለሚቀንስ ያርፋል። የሚያጡት ፍጥነቱን ብቻ ነው። ለእርስዎ ሥራ፣ ዜና ለማንበብና ከልጆችዎ ጋር ለመጻጻፍ፣ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ምልክቷ የለችም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የባትሪውን ምልክት ተጫኚና ውስጡን እዪ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ተደብቃ ትገኛለች። ካጣሻት ወይ አገልግሎቱ አልተጫነም፣ ወይ ገጽታው አያሳያትም። ማሽኑን ቅዳሜ ወደ ክፍሉ አምጪው፣ አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ለሌለን፣ ዊንዶውስ ለምንጠቀምስ?

መልስ፦ ዊንዶውስም በኃይል ቅንብሩ ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫዎች አሉት። ስሙ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ዛሬ የተናገርነው ሒሳብም ያው ነው።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ በዚህ ቦታ በእጃችን ያልሆነ ብዙ ነገር አለ። ጀነሬተሩ መቼ እንደሚጠፋ እኛ አንወስንም። የማመልከቻችን መልስ መቼ እንደሚመጣም አናውቅም። የተረፈው ባትሪ በምን ላይ እንደሚውል መወሰን ግን የእኛ ፋንታ ነው። አንድ ጊዜ ጣታችንን ማሳረፍ ብቻ ይጠይቃል።

የእናታችን ማመልከቻ በመጨረሻ ተጽፎ አልቆ ገብቷል፤ መልሱን አሁንም እየጠበቁ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ሊያስጽፉኝ መጥተው ነበር። ላፕቶፑን ስከፍት በጣታቸው ወደ ስክሪኑ ጥግ እያመለከቱ «ክሩን ዝቅ አድርገኸዋል?» አሉኝ። «አድርጌያለሁ እማማ፣ ጽሑፉንም በየመስመሩ አስቀምጣለሁ» አልኳቸው። እናንተም ዛሬ ማታ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ያችን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።